ዕቃ ቤት ተብሎ የጸደቀው ክፍል

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «ማንንም አልበደልኩ፣ ከማንም አልተጣላሁ፣ ታዲያ ለምን ብቻዬን ቀረሁ?» ነው ያልከኝ። ይህ ሰው መልሱን ሳያውቀው ስለኖረው፣ የእሱን ልንገርህ።

ሰውዬው ከተማ ውስጥ አነስተኛ ቤት ነበረው። አላገባም። ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው ጠዋት ሻይ የጠጣበት ብርጭቆ ነው፤ ያው ባስቀመጠበት ቦታ። አንድ ቀን ይህ መረረው። ገጠር ያለችው እናቱም እንደ እሱ ብቻዋን ነበረች። «ለምን አብረን አንኖርም?» ብሎ ላከባት። «የምተኛበት ካለህ እመጣለሁ» አለችው። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር፣ በጓሮ በኩል ሌላ ክፍል ሊቀጥልበት አሰበ።

ሕግ አክባሪ ነበር። የሰፈሩ ሰው መሥሪያ ቤት የሚዘጋበትን በዓል እየጠበቀ ግድግዳ ሲያቆም፣ እሱ ካርታውን ይዞ፣ ፕላን አሠርቶ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ወረዳ ሄደ።

ፕላኑን ያየችው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ነበረች። አዲሱን ክፍል በሁለት ወገን የመጋዘን ግንብ ይጋርደዋል፤ በአንድ ወገን ከቤቱ ጋር ይያያዛል። ብርሃን ሊገባ የሚችለው በቀረው ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ጎረቤቱ ግቢ ያያል።

«ጋሼ፣ ይሄ መስኮት የሰው ግቢ ነው የሚያየው» አለችው። «ጎረቤትዎ ተስማምቻለሁ ብለው ይፈርሙ። ያለ መስኮት ደግሞ መኝታ ቤት ብዬ ላጸድቅልዎ አልችልም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ከዚህ የቀለለ? አንድ ፊርማ እኮ ነው! ጎረቤትዎ ነብር ናቸው እንዴ?»

ነብር አልነበረም። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሷ ስትሞት ሰውዬው ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርና ለቅሶ አልደረሰም። ሲመለስ «ነገ እሄዳለሁ» አለ። ነገም አለፈ። ሳምንት ሲሆነው አፈረ፤ ወር ሲሆነው ይበልጥ አፈረ። ዓመት ካለፈ በኋላማ ጎረቤቱን መንገድ ላይ ሲያይ ስልክ የሚያወራ መምሰል ጀመረ። ጠብ አልነበራቸውም። ጠብ ቢሆንማ ሽማግሌ ይገባበት ነበር።

በማግሥቱ ፕላኑን ይዞ ጎረቤቱ በር ላይ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ከውስጥ ሳል ሰማ። «ለሐዘኔ ያልመጣ ሰው ለመስኮቱ መጣ ይለኛል» ብሎ አሰበና እጁን መለሰ። ከዚያም ወደ ፕላን ሠሪው ሄዶ መስኮቱን አስጠፋ፤ «መኝታ ቤት» የሚለውንም «ዕቃ ቤት» አስባለው። ዕቃ መስኮት አይፈልግም። ፈቃዱ ሳይውል ሳያድር ወጣ።

ክፍሉ አማረ፤ ልስኑ ለስላሳ፣ ወለሉ ንጹሕ። እናቱ መጣች። አልጋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳዎቹን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወዲህ መንጋቱን የምታውቀው ልጇ ገብቶ መብራት ሲያበራላት ነበር። እሱ ሥራ ሲውል የምትሰማው የሰው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣው ሳል ብቻ ነው።

«ማነው እንዲህ የሚያስለው?» ትለዋለች።

«ጎረቤት ነው» ይልና ሌላ ወሬ ያነሳል።

ሥራው በፕላኑ መሠረት ማለቁን ልታረጋግጥ ያቺው መሐንዲስ መጣች። ውጭውን ለካች፣ ጣሪያውን አየች፣ በሩን ከፈተች። አልጋው ላይ የተቀመጠችውን አሮጊት ስታይ ደነገጠች።

«እማማ፣ እዚህ ነው የሚተኙት?»

«አዎ የኔ ልጅ። ልጄ ነው የሠራልኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዕቃ ቤት ተብሎ ነው የጸደቀው! ሰው እየተኛበት አልፈርምም።» ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች።

ሰውዬው መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ለእናቱ ነገራት፤ መስኮቱን፣ ፊርማውን፣ ያልደረሰውን ለቅሶ። እናቱ ሰምታ ስትጨርስ ጓዟን መሸከፍ ጀመረች።

«ትፈርምልህ፤ እኔ እወጣለሁ» አለች። «ብቻዬን ለመሆንማ የራሴ ቤት ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ፀሐይ ታየኛለች። ግን የሰውን ሐዘን ሰምቼ ዝም ብዬ አልሄድም። ና፣ አብረን ለቅሶ እንድረስ።»

«አሁን? ከስንት ዓመት በኋላ ምን ብዬ?»

«እግዜር ያጥናህ ብለህ! ሌላ ምን ይባላል?»

«አንቺ ሂጂ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ሄደች። እሱ ክፍሉ ውስጥ ገባና መብራት ሳያበራ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። መጀመሪያ የእናቱን ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ ሲያለቅስ ሰማ። ቆይቶ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ነገር ሳቁ።

«ይህን ክፍል ያለ መስኮት ምነው ሠራው?» አለ ጎረቤቱ።

«አንተን ፈርቶ።»

«እኔን? እኔ ደግሞ ይህ ግድግዳ ከፍ ሲል፣ ፊቴን ማየት ቢጠላ ነው ብዬ ነበር።»

ሰውዬው ይህን ሰማ። ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤቱ በር ለመድረስ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይፈጅበትም ነበር። አልሄደም። እናቱ በነጋታው ወደ አገሯ ተመለሰች። መሐንዲሷም መጥታ ፈረመች። ክፍሉ አሁን፣ በፕላኑ መሠረት፣ ዕቃ አለበት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው ማንንም አልበደለም። ወረቀቱን ብታይ ማኅተም አለበት። አንተም ስትመጣ የዘረዘርክልኝ እንዲሁ ነው፤ አልሰረቅኩም፣ አልተሳደብኩም፣ የሰው ድንበር አልነካሁም አልክ። አምንሃለሁ። ነገር ግን ሰው ፊት ከመቆም ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ቀሎህ የደፈንከው ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ እኔ ላውቅ አልችልም። አሁን ስናገር የአንድ ሰው ስም ትዝ ብሎሃል፤ ከፊትህ አየሁት። ለእኔ አትንገረኝ። ገና አልመሸም፤ ሂድና አንኳኳ። የምትለው ከጠፋህ «ዘገየሁ» በል፤ ለመግቢያ ይበቃል።