ደጅ የሚያስጠና ድረ ገጽ

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ መንክር ለቢሯቸው ድረ ገጽ ካሠሩ ወዲህ መሬት አልበቃቸውም። "ከእንግዲህ ደጅ ጥናት ቀረ! አቤቱታ በድረ ገጽ ብቻ!" ብለው አስለፈፉ።

ቧንቧዋ ከደረቀ ሁለት ወር ያለፋት፣ አፏ የማይገታ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ግን ማመልከቻዋን በወረቀት ይዛ ከች አለች። አቶ መንክር በባለጉዳዩ ሁሉ ፊት፣ "አሁኑኑ በስልክሽ አቤቱታ መጻፊያውን ክፈቺ፤ ካቃተሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሺ!" አሏት።

ድረ ገጹን በስልኳ ከፍታ ብትነካው፣ ብትደበድበው መጻፊያው ብቅ አልል አለ። ኃላፊው እየሳቁ ኮምፒውተራቸውን አዞሩላት። ማውሱን ገፋ ሲያደርጉት ቀስቷ በገጹ አናት ላይ ባለው የቢሮው አርማ ላይ አለፈች፤ ገና ሳይጫኑት መጻፊያው ዱብ አለ።

"አየሽ? መንካት የለም፤ በላዩ ማንዣበብ ብቻ!"

ሴትዮዋ ጣቷን ከስልኳ በላይ በአየር ላይ ብታዞር፣ ብታዞር ምንም የለም። ስልክ ካልነኩት የት ያውቃል!

"ጌታዬ" አለች ወረቀቷን ጠረጴዛቸው ላይ እያኖረች፣ "ደጅ ጥናት መቅረቱን ለድረ ገጽዎ አልነገሩትም መሰለኝ። እሱም እንደ ቢሮዎ፣ ሳይነካ ዙሪያውን ለሚዞረው ነው የሚከፍተው። የኔ ስልክ ደግሞ ደጅ መጥናት አልለመደበትም፤ ማንኳኳት ብቻ ነው የሚያውቀው።"