የአቶ ደምመላሽ ሰላምታ

ስንዱ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። የመሥሪያ ቤቷ ድረ ገጽ በአራት ቋንቋ ስለሚነበብ፣ የየቋንቋውን ትርጉም በየፋይሉ የምታስቀምጠው እሷ ናት። አንድ ቀን አለቃዋ አቶ ደምመላሽ ለድረ ገጹ ሦስት ሙሉ ገጽ ሰላምታ ጽፈው ሰጧት። በማግስቱ የሶማልኛውን ፋይል ቢያስከፍቱ፣ ያገኙት በሶማልኛ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ሆነ።

ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ "የቀረውን ጽሑፌን የት አደረግሽው? አጥጋቢ መልስ ከሌለሽ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ" አሏት።

ስንዱ ሳቋን በግድ ዋጥ አድርጋ ብድግ አለች።

"ጌታዬ፣ ፋይሉ የትርጉም ፋይል ነው። ስለዚህ ትርጉም ያለውን ብቻ መርጬ አስገባሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምመላሽም ሊቆጡ አፋቸውን ቢከፍቱ ሳቅ ቀደማቸው። እንባቸውን እየጠረጉ፣ "በይ ተቀመጪ፤ የአማርኛውንም እንደዚሁ አሳጥሪልኝ" አሏት።