የትርንጎ ድንጋይ

ሰው ትናንት የመረጠውን ዛሬ ቢተው፣ የተለወጠው ማን ነው? የተመረጠው ነው ወይስ መራጩ? ትርንጎ ልጇን እሹሩሩ ስትል ይህን ጥያቄ ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች። መልስ ግን እስከ ዛሬ አላገኘችለትም።

በአንድ ወቅት፣ ጉም ከማይለየው ሐይቅ ዳር፣ ፕሬዚዳንቱን በድንጋይ የሚመርጥ አገር ነበር። ምርጫ ሲደርስ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ታንኳ ይሠራል፤ ደንገል ከሚሉት የውሃ ሣር። ታንኳዎቹ እኩል ናቸው፣ በየጎናቸውም ቀይ ክር ይታሰርባቸዋል። መራጭ ሁሉ ከደጃፉ አንድ ድንጋይ ያነሣል፣ በብብቱ ያሞቀዋል፣ ከወደደው ሰው ታንኳ ላይም ያኖረዋል። ታንኳው እየከበደ እየከበደ ይሄዳል። ክሩ ቀድሞ ውሃ የነካለት ሰው አገሩን ይመራል።

የላይ ዳር ሰው ድንጋዩን ለላይ ዳር ሰው ይሰጣል፣ የታች ዳር ሰውም ለታች ዳር። አባት የሰጠውን ልጅም ይሰጣል። ትርንጎን ግን እናቷ ስትሻገር ውሃ መሃል ነው የወለደቻት። ስለዚህ የማንም አይደለችም። በምርጫ ቀን ብቅ ስትል ሴቶቹ፣

«መጣች ነፋሷ! ዘንድሮስ ወዴት ልትነፍሺ ነው?» ይሏታል።

«እኔም ነፋሱን እየጠየቅሁት ነው» ትላለች። አፏ ይስቃል እንጂ ሆዷ ይፈራል።

መጀመሪያ የመረጠችው ፈንታን ነው። ያኔ ጉም ስትፈራ ያደገች ኮረዳ ነበረች። የፈንታ አፍ ማር ነው። «ሐይቁን ብርሃን አለብሰዋለሁ» አለ፤ እውነትም አለበሰው። በየቋጥኙ ላይ በዓሣ ዘይት የሚነድ መብራት ተተከለ፣ ጉሙም ወርቅ መሰለ። ትርንጎ ደጅ ቁጭ ብላ ስታይ ሰማይ ወርዶ ውሃው ላይ የተኛ ይመስላት ነበር። ዘይቱ ግን ከየቤቱ ነው የሚወጣው። የሰባው ዓሣ ለመብራት፣ አጥንቱ ለልጆች ሆነ። እናቷ በብርሃን ተከባ ጦሟን አደረች።

ስታገባ ደርሶን መረጠች። ደርሶ ንግግር አያውቅም። «አሮጌ ታንኳ ሰው ይበላል። ክረምት ሳይገባ ይታደስ፣ ያልታደሰ ይቃጠል» አለ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ውሃ የበላው ሰው አልተሰማም። ነገር ግን የባሏ የአዱኛ ታንኳ ሳይታደስ ክረምቱ ቀደመው።

«ጋሼ ደርሶ፣ ነገ እኮ አድሰዋለሁ!»

«ዝናቡ ነገን ይጠብቃል?» አለና አስነደደው። አዱኛ ሥራ ፍለጋ ተራራውን ተሻገረ። ይኸው እንደወጣ ነው።

ብቻዋን ቀርታ ነፍሰ ጡር ሳለች ሙጪትን መረጠች። ወይዘሮ ሙጪት መብራቱንም አላጠፋች፣ ሕጉንም አልሻረች። ቤት ለቤት እየዞረች «ምን ጎደለሽ ልጄ?» ትላለች። ትርንጎ ስትወልድ ወገቧን የያዘቻት እሷ ናት። ግን እምቢ ማለት አታውቅም። «ደንገል ልጨድ?» ሲሏት «እጨድ»፤ «እኔስ?» «አንተም»። ዳሩ ራቁቱን ቀረ። ደንገል የሚገኘው ሩቅ፣ ጥልቁ ውሃ አፋፍ ላይ ብቻ ሆነ። ትርንጎ ደግሞ እንጀራዋ ደንገል አጭዶ መሸጥ ነው።

አንድ ማለዳ፣ የአዱኛው ከተቃጠለ በኋላ ራሷ በሠራችው ታንኳ፣ ልጇን እንኮይን ይዛ ወደዚያው ሄደች። የዚያ አገር እናት ሕፃኗን ታንኳ ላይ ነው የምታስተኛው፤ ውሃው እሹሩሩ ይላል። ታንኳውን ከአንድ ወፍራም ደንገል ጋር በገመድ አሰረችና ውሃው ውስጥ ቆማ ማጨድ ጀመረች። እንኮይ ጥርስ እያወጣች እንቅልፍ ነስታት ሰንብታለች፤ ማጭዱ ይሄዳል፣ ዐይኗ ይከደናል። እያጨደች፣ እያጨደች፣ ታንኳው የታሰረበትን ደንገል ራሱን አጨደችው።

ቀና ስትል ታንኳ የለም። ጉም ብቻ።

«እንኮይዬ!»

ጉሙ ድምጿን ዋጠው። ያኔ ከሩቅ ቋጥኝ የፈንታ መብራት በራ፤ በቢጫው ብርሃን ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ስትወዛወዝ ታየች። ታንኳው ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ተላጋ፣ ግን አልፈረሰም። ትርንጎ ደርሶን እየረገመች ያደሰችው ነበርና። ወይዘሮ ሙጪት ለቅሶ ልትደርስ በዚያ ስታልፍ ጩኸቷን ሰማች። አጃቢዎቿ «ኧረ እትዬ፣ ጥልቅ ነው!» ሲሉ እሷ ከነነጠላዋ ውሃ ውስጥ ነበረች። ገመዱን በጥርሷ ነክሳ፣ እየዋኘች መለሰቻት። እንኮይ እንቅልፏን አልጨረሰችም ነበር።

ዘንድሮ ሦስቱም ለፕሬዚዳንትነት ቀረቡ። ሕዝቡ ድንጋዩን ሰጥቶ ጨረሰ። ክር ጠባቂው አባ ዘገየ በሆዳቸው ተኝተው አዩና፣

«ጉድ ነው! ሦስቱም ክር ውሃ ለመንካት እኩል የፀጉር ያህል ቀርቶታል። ያልሰጠችው ትርንጎ ብቻ ናት» አሉ።

ትርንጎ ልጇን አዝላ ውሃው ውስጥ ገባች።

«ብርሃን ባይኖር ማን ያያት ነበር?» አለ ፈንታ። «ምረጪኝና መብራቱን እጥፍ አደርገዋለሁ።» እንኮይ ደግሞ ገና ዓሣ መቅመስ መጀመሯ ነው።

«ታንኳው ቢሰምጥ ብርሃኑ ምን ሊያሳይሽ ኖሯል?» አለ ደርሶ። «እኔ ብመረጥ ደንገሉ እስኪያገግም ማጭድ አይነካውም።» የትርንጎ እንጀራ ደግሞ ከማጭዱ ነው።

ወይዘሮ ሙጪት ሳቀች። «እኔ እንኳ የማውቀው ውሃው መቀዝቀዙን ነው። የምለውጠው የለኝም፣ ልጄ።» ካልተለወጠ ደግሞ ደንገሉ ከዚያም ይርቃል፣ ውሃውም ከዚያ ይጠልቃል።

«አንቺ ነፋስ!» አለች አንዲት የላይ ዳር ሴት። «ስንቴ ተለዋወጥሽ! ማን ይመንሽ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ጉም ፈራሁ። ቀጥሎ ውሃ ፈራሁ። ከዚያ ብቸኝነት ፈራሁ። የሚለዋወጠው ፍርሃቴ ይሆናል እንጂ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። እርግጠኛ አይደለችማ።

ዛሬ የምትፈራው ለእንኮይ ነው። እንኮይም ከጀርባዋ እጇን ሰዳ ድንጋዩን ይዛዋለች፤ ስታኝከው አድራ በለሃጭ ርሷል። ታንኳዎቹ ጉሙ ውስጥ እየተወዛወዙ ይጠብቃሉ።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው? መብራቱን ለሰቀለው፣ ታንኳውን ላሳደሰው ወይስ ውሃ ለገባችው? ያለፈውን ታመስግን ወይስ የሚመጣውን ታስላ? ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ እባካችሁ ምከሯት። ውሃው ከጉልበቷ ደርሷል፣ ክንዷም ዝሏል።