የአቶ ጓንጉል ሳሙና

አንድ ቀን፣ አተት የሚሉት ክፉ ተቅማጥ ከተማችን መግባቱ በተሰማ በማግስቱ፣ አቶ ጓንጉል ጋሪ ተከራይቶ ገበያ ወረደ። ማታ ሲመለስ በየሱቁ አንዲት ሳሙና አልተረፈችም። በረኪናውን በጀሪካን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በማዳበሪያ፣ ሎሚውን በዘንቢል ጭኖ መጣ። ፌጦም ያድናል ሲባል ሰምቶ ፌጦ በኩንታል ገዛ። ፌጦ በኩንታል ሲገዛ ያየ ሰው ካለ እስቲ ይንገረኝ! ቤቱ ከመሙላቱ የተነሳ ሚስቱ ወይዘሮ ትሁኔ ጓዳ የምትገባው በጎኗ ሆነ። አልጋው ለሽንኩርቱ ተለቀቀ፤ ባልና ሚስት የሳሙና ካርቶን ላይ ይተኙ ጀመር።

የጤና ጣቢያችን ሲስተር እማዋይሽ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ስትል ጉሮሮዋ ደረቀ። ሰዉ ይሰማታል፣ ራሱንም ይነቀንቃል። ግን በምን ይታጠብ?

በሦስተኛው ቀን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሁለት ሰዎች ታመው ጤና ጣቢያ ገቡ። ከነሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ሽብሩ ነው። አምስት ልጆች አሉት። ትንሿ ገና መዳህ መጀመሯ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ሽብሩ ለወትሮው ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቅ ሰው ነው፤ የዚያን ሰሞን ግን በፍርሃት እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ሲስተርን አስከትሎ አቶ ጓንጉል ደጅ ቆመ። እኛም ወሬ የማያመልጠን ተከተልን።

ሲስተር «አቶ ጓንጉል፣ ሰፈሩ ሳሙና የለውም። ግማሹን እንኳ በገዙበት ዋጋ ይልቀቁልን» አለችው።

አቶ ጓንጉል በሩን በጠባቡ ከፍቶ አፍንጫውን ብቻ አወጣ። «እኔ ያሰብኩት ለቤቴ ነው፤ ሁሉም ለቤቱ ያስብ።»

«ጎረቤትዎ ከታመመ በሽታው እርስዎም ጋ ይመጣል እኮ» አለች ሲስተር።

«በሬን እዘጋለኋ! የሁለት ዓመት ሳሙና አለኝ። ሰፈሩ ሙልጭ ብሎ ቢያልቅ እንኳ እኔ እተርፋለሁ» አለና በሩን ሊዘጋ ሲል ሽብሩ ጣልቃ ገባ።

«ተዪው ሲስተር፣ ጋሼ እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ሐሳቤን አቀለሉልኝ» አለ።

አቶ ጓንጉል ተጠራጠረ። «የምን ሐሳብ?»

«እድራችን ሰማንያ አራት አባወራ ነው። ማን ማንን ይቀብራል እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት። አሁን ገባኝ፤ ሰማንያ ሦስታችን እናልቃለን፣ እርስዎ ይተርፋሉ። መቼም በደንባችን ከቀብር መቅረት ክልክል ነው። ጥሩንባውን እርስዎ ይነፋሉ፣ ድንኳኑን እርስዎ ይተክላሉ፣ ሰማንያ ሦስቱንም ጉድጓድ እርስዎ ይቆፍራሉ።» ከዚያ አንገቱን ሰገግ አድርጎ በበሩ ክፍተት ወደ ውስጥ አየ። «ለመሆኑ ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሲገዙ አካፋ ገዝተዋል?»

ከጓዳ ወይዘሮ ትሁኔ በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ተሰማ። አቶ ጓንጉል አንዴ ሽብሩን፣ አንዴ ደጁ የቆምነውን ሰዎች አየ። እየቆጠረን መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አቶ ጓንጉል የሳሙና ካርቶን ተሸክሞ እያከፋፈለ በየቤቱ ሲዞር፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እጇን የምትታጠብ አሮጊት አግኝቶ ሲለምን በጆሮዬ ሰማሁት፦ «እማማ፣ በሞቴ አንዴ ይድገሙት፤ እኔ ጉድጓድ እንዳልቆፍር ወገቤን ያመኛል።»