የሹፌሩ ገበታ

አንድ ሥራ መቼ ነው አለቀ የሚባለው? ትርሲት ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዛው ኖራለች። ማንበብ ለማትችለው እናቷ የፊደል መማሪያ ደብተር ማዘጋጀት የጀመረችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች ነው። ስድስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፈችው፤ ስድስቱንም ጊዜ ገና ይቀረዋል ብላ ደበቀችው። እናቷ ደብተሩ መኖሩንም አታውቅም። እስከ ዛሬ የመድኃኒቷን ብልቃጥ ይዛ ጎረቤት ታስነብባለች።

አንድ ቀን ትርሲት እንደ ምንም ደፍራ ይህንኑ ለቀድሞ አስተማሪዋ ለመምህር ደርበው አጫወተቻቸው፤ ጥያቄዋንም ጠየቀቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሏት።

«አንድ አናጢ ነበረ። ታላቅ ወንድሙ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሹፌሩ ምሳውን የሚበላው መኪናው ውስጥ፣ ተራ እየጠበቀ ነበር። ተራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሳህኑን ከጭኑ አንስቶ መንዳት አለበት። ወጡ ይደፋል፣ ሱሪው ይበላሻል። ሲሰለቸው ምሳ መዝለል አበዛ፤ ጨጓራውንም ታመመ።

አናጢው አዘነለት። መሪው ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ገበታ ሊሠራለት ተነሣ። ሠራ፤ አልወደደውም። ጠርዙን ላገ፤ አሁንም አልወደደውም። እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሙሉ ገበታው ከሥራ ቤቱ አልወጣም። ወንድሙ እንዴት እንደሚበላ ግን አንድ ቀን እንኳ ተራው ድረስ ሄዶ አላየም።

በመጨረሻ ይዞለት ሄደና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሹፌሩ ደስ ብሎት ገበታውን መሪው ላይ ሰቀለ፣ ምሳውን ዘረጋ። ወዲያው ከኋላው ተራ የያዘው ሹፌር ጋቢናውን ከፍቶ ገባ። የዚያ ተራ ሹፌሮች ልማዳቸው ነው፤ ማንም ብቻውን አይበላም።

‹ኧረ ይሄ ሰውዬ መሪውን ሊበላ ነው!› አለ እንግዳው። ‹እኔስ? በመስኮት ልጉረስ?›

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ገበታውን ከመሪው አንስቶ በሁለቱ መካከል አስቀመጠው፤ እንዳይወዛወዝም ከሥሩ ጨርቅ ጠቀጠቀ። ተራው ሲንቀሳቀስ መኪናውን ነዳ። ወጡ አልፈሰሰም።

‹ለመሆኑ መቼ ጀመርከው?› አለው ወንድሙን።

‹አራት ዓመት ሆነው። እንዲያምርልህ ብዬ ነው።›

‹አራት ዓመት ጦሜን ስውል ነበር እኮ፣ ወንድሜ። ጎባጣውንም ብትሰጠኝ እበላበት ነበር› አለው። ወደ ኋላ ዞሮም አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰው።»

መምህር ደርበው ወደ ትርሲት ዞሩ። «ልጄ፣ አናጢው አንቺ ነሽ፤ ሹፌሩ እናትሽ ናቸው። ደብተርሽ የሚያልቀው እሳቸው እጅ ሲገባ ነው፤ ምን እንደጎደለው የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና። አንቺ ስታሳምሪ እሳቸው ጦማቸውን እየዋሉ ነው።»

«ሰባተኛውን ነገ ልጀምር ነበር» አለች ትርሲት ቀስ ብላ።

«አሁንስ?»

«አሁን ቤት ልሂድ።»

ስድስተኛውን ደብተር፣ ስርዝ ድልዙን እንደያዘ፣ ዛሬውኑ ለእናቷ ልትሰጣት ወሰነች። ከመጀመሪያው ገጽም አትጀምርም። እናቷን ከሁሉ አስቀድማ ማንበብ የምትፈልገው ቃል የትኛው እንደሆነ ትጠይቃታለች፤ ከዚያ ይጀምራሉ።