አራስ ልትጠይቅ ዳገት የወጣች ጉማሬ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትንንሾቹ ወደ ፊት፣ ትልልቆቹ ወደ ኋላ። ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ዓሣና ወፍ ሰላምታ በሚለዋወጡበት ዘመን፣ ስሟ በጠፋ በአንዲት አገር ሁለት ሐይቆች ነበሩ። አንዱ ታች ሜዳው ላይ፣ አንዱ ላይ ከተራራው ራስ። የላይኛው ሐይቅ ውሃ በዳገቱ ጎን እየተንሿሿ ወደ ታችኛው ይወርድ ነበር። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ሁለቱንም ሲያለብሳቸው የትኛው ሰማይ፣ የትኛው ውሃ እንደሆነ አይለይም ነበር ይባላል።

በታችኛው ሐይቅ እመት ጉማሬ ትኖር ነበር። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟም ማዕበል ይባላል። ማዕበል ለላይኛው ሐይቅ ጎረምሳ ተድራ ከሄደች ወዲህ ውሃው ጭር አለባት። ጭር ያለ ቤት ደግሞ ያስበላል። በሐይቁ ዳር ያሉ የመንደር ሰዎች ጠላ ይጠምቁና አተላውን ከውሃው ዳር ይደፉታል። እመት ጉማሬ አፍንጫዋ እየመራት ሄዳ ሙልጭ ታደርገዋለች። በዚያ ላይ ሸንኮራ፣ በዚያ ላይ የወዳደቀ ዱባ። በልታ ትተኛለች፤ ተኝታ ትነሳለች፤ ተነስታ ትበላለች። ውሃ ውስጥ ዓይኗን ስትጨፍን ከላይ የሚወርደው ጅረት የልጇን ድምፅ ይዞላት የሚመጣ ይመስላታል። ስትገልጥ ግን ውሃ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጀርባዋ ላይ የምትውለው ነጭ ወፍ ከላይ እየበረረች መጣችና፣ «የምሥራች!» አለቻት። «ማዕበል ነፍሰ ጡር ናት። አደይ ሲፈነዳ ትወልዳለች። ‹እናቴ ካልመጣችልኝ ማን አለኝ?› ብላሻለች።»

እመት ጉማሬ በደስታ ውሃውን አናወጠችው። «አሁኑኑ እሄዳለሁ!» ብላ ወጣች። ግን ምን ያደርጋል፣ ገና የዳገቱን እግር እንደጀመረች ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ ጉልበቷ ከዳት። ከአንድ ጥቁር ቋጥኝ ሥር ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሚዳቋዋ ዘላት አለፈች፤ ጃርቷ ዞራት አለፈች። ከዛፍ ላይ እመት ጦጣ ቁልቁል አየቻትና፣ «ኧረ እትዬ፣ ለተራራው ሌላ ተራራ ጨመርሽበት እኮ!» ብላ ከት ከት አለች።

እመት ጉማሬ እያነከሰች ተመለሰች። ከሐይቁ ዳር ፀሐይ ሲሞቅ የነበረውን ሽማግሌውን አባ ኤሊን አገኘችው።

«አባ ኤሊ፣ ምን ይሻለኛል? ልጄ ልትወልድብኝ ነው። ይህን ገላ ተሸክሜ የት እደርሳለሁ?»

አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። «አተላውን ተዪው። ሸንኮራውን ተዪው። ሣር ብዪ። ስትጠግቢ አቁሚ። በልተሽ ወዲያው አትተኚ፣ ጥቂት ተራመጂ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ግን ነገም ይኸው ነው፤ ከነገ ወዲያም ይኸው ነው።»

እመት ጉማሬ ጀመረች። ሣሩ መጀመሪያ አፏ ውስጥ ገለባ ገለባ አላት። ንፋሱ የአተላውን ሽታ ሲያመጣባት ምራቋ ይሞላል፤ ዓይኗን ጨፍና ውሃ ውስጥ ትጠልቃለች። ማታ ፀሐይ ስትገባ አባ ኤሊ ይጠይቃታል፦

«ዛሬስ ምን በላሽ?»

«ሣር።»

«እንግዲያስ ነገም ሣር።»

እመት ጦጣ ይህን ሰማችና ዘዴ ዘየደች። አንድ ረጅም ግንድ በድንጋይ ላይ አጋድማ ሚዛን ሠራች። «ኑ ተመዘኑ! ያልተመዘነ እንዴት መክሳቱን ያውቃል?» ብላ ለአራዊቱ ሁሉ ለፈፈች። በግንዱ አንድ ጫፍ እመት ጉማሬ ትቆማለች፤ በሌላው ጫፍ ጦጣ ግንዱ እኩል እስኪሆን ድንጋይና ጠጠር ትከምራለች፤ ጉማሬዋ ከቀለለች ትርፉ ይወድቃል። ለድካሟም በጉማሬዋ ዳርቻ ከበቀለው ሾላ አንድ እፍኝ ፍሬ ትወስዳለች። ጉማሬዋ ሰንብታ ስትመለስ እንደገና ትመዝናታለች። ግንዱ ጓ አለ፣ ጠጠሯ ቋ ብላ ወደቀች፣ እመት ጦጣ ከት ብላ ሳቀች።

«አንዲት ጠጠር! ይህን ሁሉ ሣር በልተሽ የቀነስሽው አንዲት ጠጠር ነው እትዬ!»

እመት ጉማሬ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ማታ አባ ኤሊ፣ «ዛሬስ ምን በላሽ?» አላት። «ሣር፣» አለች እየከፋት። «እንግዲያስ ነገም ሣር።»

ሰንብታ ተመለሰች። ግንዱ ጓ አለ፣ ጠጠሯ ቋ ብላ ወደቀች፣ እመት ጦጣ ከት ብላ ሳቀች። «አሁንም አንዲት ጠጠር! እሷም ትንሿ!»

ደግሞ ሰንብታ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ግንዱ ጓ አለ፤ ጠጠር ግን አልወደቀም። አንድም አልወደቀ። ጦጣም አልሳቀችም። ከዛፉ ወርዳ፣ የጉማሬዋን ጆሮ በእጇ ይዛ በለሆሳስ ተናገረች፦

«እትዬ፣ እኔ አዝንልሻለሁ። አደይ ሊፈነዳ ምን ቀረው? ይህ ሽማግሌ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ የሚኖር፣ ስለ መክሳት ምን ያውቃል? እኔ አንድ ሥር አለኝ። ከኮሶ የመረረ፣ ግን ባንድ ጊዜ ክምሩን የሚንድ። ሾላሽን ከነፍሬው ስጪኝና ውሰጂው።»

እመት ጉማሬ ልጇን አሰበች። ሾላውን ሰጠች፤ ሥሩን ዋጠች።

ልጆቼ፣ ምኑን ልንገራችሁ! ሆዷ እንደ ነጋሪት ተመታ። ውስጧ ያለው ሁሉ ወጣ፤ የሌለውም ወጣ። በማግስቱ እየተንገዳገደች ግንዱ ላይ ስትቆም ድንጋዮቹ ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱ። «አየሽ!» አለች ጦጣ። እመት ጉማሬም በደከመ አፏ ፈገግ አለች። ግን ከግንዱ ልትወርድ ስትል ጭቃው ላይ ተዘረረች። ነጯ ወፍ ጆሮዋ ሥር እየጮኸች ብትቀሰቅሳትም መነሳት አቃታት። ስትነሳም የተነሳችው በረሃብ ነው። ዓይኗ ምንም ሳያይ፣ አፍንጫዋ እየጎተታት፣ በቀጥታ ወደ አተላው ሄደች። የዚያን ቀን በላች፣ በማግስቱም በላች። የወረዱት ድንጋዮች ሁሉ ተመልሰው ግንዱ ላይ ወጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ከውሃ አልወጣም አለች። አፍንጫዋን ብቻ ብቅ አድርጋ ተጋደመች። ጅረቱ ከላይ የአበባ እንቡጥ እያንሳፈፈ ያመጣባታል፤ አንዱ ግንባሯ ላይ ያርፋል፣ አንዱ ዓይኗ ሥር ያርፋል። አባ ኤሊ እየዋኘ መጥቶ አጠገቧ ተንሳፈፈ። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀችው። እሱ ግን እንደ ወትሮው፦

«ዛሬስ ምን በላሽ?» አላት።

«አተላ፣» አለች።

«ነገስ?»

ውሃው ቀስ ብሎ ከፍ አደረጋት፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አደረጋት።

«ሣር፣» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያስ ምንም አልጠፋብሽም፣» አላትና ሄደ።

እንደገና ጀመረች። ወደ ግንዱ መሄዱን ግን ተወችው። ሣር ትበላለች፤ ስትጠግብ ታቆማለች፤ ጥቂት ትራመዳለች። በዳር ያለው ሣር ሲያልቅባት ትንሽ ከፍ ወዳለው መስክ ትሄዳለች፤ እሱም ሲሳሳ ሌላ ትንሽ ከፍ ትላለች። ገላዋ ያው ገላዋ ነው፤ ጥላዋም ያው ሰፊ ነው። ብቻ ነጯ ወፍ አንድ ጠዋት፣ «እመት ጉማሬ፣ ታመሻል እንዴ? ማንኮራፋትሽን ተውሽ እኮ፤ ጀርባሽ ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ ገና ዛሬ ነው!» አለቻት። እመት ጉማሬ ሳቀችና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

አንድ ቀን ጉሙ መሬቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖት ነበር። እመት ጉማሬ ከፊቷ ያለውን ሣር ብቻ እያየች፣ አንድ ጉርሻ እዚህ፣ አንድ ጉርሻ እዚያ፣ በህልም እንደምትሄድ ሁሉ እየጋጠች ቀጠለች። ጉሙ ተገለጠ። ቀና ስትል ታችኛው ሐይቅ ከእግሯ ሥር እንደ ሳንቲም ያንጸባርቃል። ያ ጥቁር ቋጥኝ ከታቿ፣ ከሩቅ፣ ትንሽ ሆኖ ይታያል። መቼ እንዳለፈችው አታውቅም። ትንፋሿን አዳመጠች፤ ረጋ ብሏል። ጉልበቷን አየች፤ ቀጥ ብሏል። ዙሪያዋን ስታይ ደግሞ መስኩ በሙሉ ቢጫ ሆኗል። አደይ ፈንድቷል!

«ልጄ!» አለች። ወደ ላይ ገሰገሰች።

ከመንገዱ መሐል ጩኸት ሰማች። እመት ጦጣ ናት። የሾላውን ፍሬ ሌት ተቀን ስትሰለቅጥ ሆዷ እንደ ቅል ተነፍቶ፣ ዛፍ ለመውጣት ትንጠለጠላለች፣ ትንሸራተታለች፣ ትወድቃለች። ከኋላዋ አያ ጅቦ እያለከለከ ይመጣል። ምን አድርጋው መሰላችሁ? ለሠርግ ግብዣ ሆዱን ባዶ የሚያደርግለት መስሎት ያንን ሥር ከእሷ ገዝቶ ነበር። ሠርገኛው ሲበላ እሱ ጫካ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ግብዣው አመለጠው!

«እትዬ ጉማሬ! እማማ ጉማሬ! አድኚኝ!» አለች ጦጣ።

እመት ጉማሬ በጠባቡ መንገድ ላይ ቆመች። ቆመች ስላችሁ፣ መንገዱ ሞላ። አያ ጅቦ በግራ ቢል ጉማሬ፣ በቀኝ ቢል ጉማሬ።

«አያ ጅቦ፣ ተመለስ። የእሷን ፍርድ እኔ እፈርዳለሁ፣» አለችው። አያ ጅቦ ትልቁን አፏን አየና ጭራውን ቆልፎ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ጦጣ ዞረች። «ሁለት ምርጫ አለሽ። ወይ አያ ጅቦን መልሼ ልጥራልሽ፤ ወይ ከእኔ ጋር ወጥተሽ ልጄ ከአራስ ቤት እስክትወጣ ድረስ ሣር ታጭጂላታለሽ።»

«አጭዳለሁ! እሸከማለሁ!» አለች ጦጣ። ያ ሁሉ ሾላ ሆዷ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ፣ እያለከለከች፣ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት።

ሌሊቱን ተጉዘው የላይኛው ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ከውሃው እየወጣች ነበር። ሐይቁ ወርቅ መስሏል። ማዕበል ምጥ ይዟት ውሃው ውስጥ ታቃስታለች። የእናቷን ኮቴ ሰምታ ቀና አለች።

«እማዬ! አንቺ ነሽ? ያንን ዳገት እንዴት ወጣሽው? ከሳሽ እንዴ?»

እመት ጉማሬ ወደ ውሃው ገባች፤ ሐይቁ ከፍ ብሎ ተቀበላት። ጎኗን ከልጇ ጎን አስጠጋች።

«አልከሳሁም ልጄ፤ መጣሁ እንጂ፣» አለቻት።

ጨቅላዋ እዚያው ውሃ ውስጥ ተወለደች። አያቷ ከሥር በቀስታ ብቅ ብላ በሰፊው ጀርባዋ ተቀበለቻትና ወደ አየሩ አወጣቻት። የመጀመሪያ ትንፋሿን እዚያ ላይ ተነፈሰች፤ የመጀመሪያ እንቅልፏንም እዚያው ተኛች። ዳክዬዎቹ በሐይቁ ዙሪያ እልል አሉ።

እኔም ተረቴን እዚህ አሳረፍኳት፤ የሰማ ለልጁ ያውርሳት። ስለዚህም የዚያች አገር ሰዎች እንዲህ ይላሉ፦ ክብደትን ሚዛን ይናገራል፤ ጉልበትን ግን ዳገት ይመሰክራል።