ዳር ላይ የተለጠፈ መቆለፊያ

አንድ ሰው ነበር፤ የኮምፒውተር ቺፕ የሚነድፍ። ቺፕ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ስብከቴን የሚረብሸው ስልካችሁ የሚያስበው በእሱ ነው።

ይህ ሰው ለልብ ሕሙማን መሣሪያ የሚሆን ቺፕ ሁለት ዓመት ለፍቶ ነደፈ። ንድፉ ዓርብ ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ ሊላክ ነው። እዚያ ቢሰርቁበትስ? ነካክተውት ቺፑ የታማሚውን የልብ ምት አዛብቶ ቢቆጥርስ? ስለዚህ መቆለፊያ ሠራለት፤ ምስጢራዊው ቁጥር ካልገባ ቺፑ አይሠራም። ሺህ የተሳሳተ ቁጥር ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ደስታውን አትጠይቁኝ!

በዚያው ሳምንት ሰኞ ወይዘሮ የሻረግ ዘንድ ሄደ። የእሳቸው ሥራ እንዲህ ያለውን መቆለፊያ እየሰበሩ መፈተሽ ነው፤ እሳቸው ካልፈረሙ ንድፉ አይላክም።

«ለፊርማ ብቻ ነው የመጣሁት» አላቸው።

«ቁጭ በል ወንድሜ። እስክፈርም ድረስ እኔ ሌባ ነኝ» አሉት።

አንድም ቁጥር አልሞከሩም። ንድፉን ዘርግተው አዩት። መቆለፊያው ዳር ላይ የተለጠፈ ክፍል ነበር። ቆርጠው ጣሉት። ቺፑ ምን ሆነ? ምንም! ያለ ቁጥር የልብ ምቱን ልክ አድርጎ ቆጠረ።

«ኧረ እትዬ! ሌባ እንዲህ ያደርጋል?»

«ታዲያ አንተን አስፈቅዶ ነው የሚሰርቀው?»

ተናደደ፤ አልዋሻችሁም። ንዴቱ ሲበርድለት ግን፣ ወገኖቼ፣ «እንዲሁ ዓርብ ብልከው ኖሮ!» ብሎ ተመስገን አለ። መላኪያውን ሁለት ወር ገፋው። መቆለፊያውን ከቺፑ ሥራ ሁሉ ጋር አጋመደው። ወይዘሮ የሻረግ ዳግም ሲቆርጡት ቺፑ አብሮ ጸጥ አለ። በሌላ መንገድም ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። እየሳቁ ፈረሙ። ሰውየው እንደዚያን ቀን ተደስቶ አያውቅም።

እናንተስ? እሑድ ነጭ ለብሳችሁ ትመጣላችሁ። አሜን ስትሉ ጣራው ይነቃነቃል፤ ተባረኩ! ግን አንድ ሰው እምነታችሁን ከኑሯችሁ ላይ ቆርጦ ቢጥልስ? ሱቃችሁ ያው እንደ ድሮው ይሸጣል? ያ የጎደለው ሚዛን እንደጎደለ ይቀጥላል? ከወንድማችሁ ጋር የያዛችሁት ኩርፊያስ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ሚስትህን ጠይቅ፤ ባልሽን ጠይቂ። «እምነቴ ቢወሰድ፣ ሰኞ ከማደርገው ምኑ ይለወጣል?» በሉ። «ምንም» ካሏችሁ እንዳትቆጡ። አመስግኗቸውና ዛሬውኑ ማጋመድ ጀምሩ።